«የ»ን የማያውቀው ብልህ ጥቅስ፦ ከሄግ ከተማ ስም እስከ አማርኛ ኢ-መጽሐፍ

የኔዘርላንድስ መንግሥት መቀመጫ የሆነችው ሄግ ሁለት ስሞች አሏት። በአዘቦት ንግግር «ዴን ሃኽ» ትባላለች፤ በይፋዊ ሰነዶች ላይ ግን ረዘም ያለው ጥንታዊ ስሟ ’ስ-ኽራቨንሃኸ ይሰፍራል። ከዚህ ስም መጀመሪያ ላይ የተንጠለጠለችው ትንሽ ምልክት አፖስትሮፍ ናት። ቅርጿ የ9 ቁጥርን ይመስላል፤ ጅራቷም ወደ ግራ ይታጠፋል። የከተማዋን ስም በወርድ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሌላ ነው፤ ምልክቷ ተገልብጣ የ6 ቁጥርን መስላ ‘ስ-ኽራቨንሃኸ ሆና ትወጣለች። ጸሐፊው አልተሳሳተም፤ ያሳሳተው «ስማርት ኮትስ» ወይም «ብልህ ጥቅስ» የተባለው የፕሮግራሙ አሠራር ነው።

አማርኛ ጸሐፊዎችም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ችግር ያውቃሉ። «የ“ፍቅር እስከ መቃብር” ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ» ብለው ሲጽፉ ስክሪኑ ላይ የሚታየው «የ”ፍቅር እስከ መቃብር” ደራሲ» ይሆናል። መክፈቻው ምልክት መዝጊያ ሆኗል። ስሕተቱ በአንድ ገጽ ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። መጽሐፉ ወደ ኢ-መጽሐፍ ተቀይሮ በየአገሩ ላሉ አንባቢዎች ከተሠራጨ በኋላ ግን በሦስት መቶ ገጽ ውስጥ የተበተኑ የተገለበጡ ምልክቶችን መሰብሰብ አድካሚ ሥራ ነው። ትእምርተ ጥቅስ የማን ቃል የት እንደጀመረና የት እንዳበቃ የሚነግር ምልክት በመሆኑም፣ በታሪክ፣ በፍርድ ቤትና በዜና ጽሑፍ ላይ መገልበጡ ወይም መጥፋቱ የተናጋሪውንና የጸሐፊውን ቃል ሊያደባልቅ ይችላል።

ሁለቱ ስሕተቶች፣ ማለትም የሆላንድኛውና የአማርኛው፣ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። ምንጩን የተረዳ ሰው ማስተካከያውን በቀላሉ ያገኘዋል።

ቀጥ ያለው ምልክት ከየት መጣ?

በእጅ የሚለቀም የብረት ፊደል በነበረበት ዘመን መክፈቻና መዝጊያ ጥቅስ የተለያዩ ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የጽሕፈት መኪና ሲስፋፋ ግን የቁልፎች ቁጥር ውስን ስለነበር ሁለቱ ምልክቶች በአንድ ቀጥ ያለ ምልክት እንዲወከሉ ተደረገ። ኮምፒውተር ይህን ልማድ ወረሰ። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው «አስኪ» የተባለው የፊደላት መለያ ሥርዓት ለድርብ ጥቅስ (") 34ን፣ ለነጠላው (') ደግሞ 39ን ሰጠ። ዛሬም በኪቦርድ ላይ ያለው ቁልፍ የሚልከው እነዚህኑ ነው።

ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት በበኩሉ ለእያንዳንዱ ምልክት የራሱን ቁጥር ሰጥቷል። ነጠላው መክፈቻ 8216፣ ነጠላው መዝጊያ 8217፣ ድርቡ መክፈቻ 8220፣ ድርቡ መዝጊያ 8221 ነው። በአማርኛ ኅትመት የተለመዱት « እና » ደግሞ 171 እና 187 ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። 8217 ሁለት ሥራ አለው፤ ነጠላ ጥቅስን ይዘጋል፣ አፖስትሮፍም ይሆናል። የሄግ ስም ጣጣ ከዚህ ይጀምራል።

ፕሮግራሙ እንዴት ይገምታል?

ኪቦርዱ የሚልከው አንድ ቀጥ ያለ ምልክት ብቻ ስለሆነ መክፈቻ ይሁን መዝጊያ የሚወስነው ፕሮግራሙ ነው። የሚወስነውም የዓረፍተ ነገሩን ትርጉም አንብቦ አይደለም፤ በስተግራ ያለውን ጎረቤት ተመልክቶ ነው። ከምልክቱ በስተግራ ክፍት ቦታ፣ የአንቀጽ መጀመሪያ ወይም የመክፈቻ ቅንፍ ካለ «መክፈቻ ነው» ይላል። ፊደል ወይም ነጥብ ካለ «መዝጊያ ነው» ይላል። ለእንግሊዝኛ ይህ ግምት አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። ምክንያቱም በእንግሊዝኛ ጥቅስ የሚከፈተው ከክፍት ቦታ በኋላ ነው፤ አፖስትሮፍም በብዛት የሚገኘው በቃል መካከል ወይም መጨረሻ ነው።

በሦስቱ ከተሞች

በሆላንድኛ ነገሩ ይለያል። የሄግ ስም ሲተነተን «’ስ» የሚለው «ዴስ» የተባለው ጥንታዊ ቃል ምሕጻር ነው፤ ፍቺውም የአማርኛውን «የ» ይመስላል። ስሙ በጥሬው «የመስፍኑ አጥር» እንደማለት ነው። አፖስትሮፏ የተዋጡትን ፊደላት ትተካለች፤ የተዋጡት ግን ከቃሉ ፊት ስለነበሩ ምልክቷም ከፊት ትቀመጣለች። በስተግራዋ ክፍት ቦታ ስላለ ፕሮግራሙ መክፈቻ ጥቅስ አድርጎ ይገለብጣታል።

ይህ በሄግ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በአምስተርዳም በአምስቴል ወንዝ ዳር ’ስ-ኽራቨላንድሰፌር የተባለ ጎዳና አለ፤ በሮተርዳምም ’ስ-ኽራቨንዳይክዋል ይገኛል። በዕለታዊ ንግግርም «ጧት ጧት» እና «ማታ ማታ» የሚሉት አባባሎች በዚህችው ’ስ ይጀምራሉ። «ኸት» የተባለው መስተአምር ሲያጥር ደግሞ ’ት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የወሰደው፣ በሮተርዳም ተወልዶ በአምስተርዳም ያስተማረው የያኮቡስ ሄንሪኩስ ቫን ’ት ሆፍ ስም በዚህ መንገድ ይጻፋል። በሄግ ያደገውና እ.ኤ.አ. በ1999 የፊዚክስ ኖቤል የተካፈለው የኸራርድ ’ት ሆፍት ስምም እንዲሁ ነው። የእነዚህ ሳይንቲስቶች ስም በጥናት ወረቀቶች ውስጥ ተገልብጦ ሲታይ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዚሁ የጎረቤት ግምት ነው።

የአማርኛው የተገላቢጦሽ

አማርኛ በሌላው ጫፍ ላይ ይገኛል። «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «ስለ»፣ «እንደ» እና «ወደ» ከሚከተላቸው ቃል ጋር ተጣብቀው ስለሚጻፉ፣ ቃሉ በጥቅስ ውስጥ ሲሆን መክፈቻው ምልክት ከፊደል አጠገብ ይውላል። ፕሮግራሙ በስተግራ «የ»ን ሲያይ «ፊደል አለ፤ እንግዲህ መዝጊያ ነው» ብሎ ይፈርዳል። በሆላንድኛ መዝጊያ መሆን የነበረበት መክፈቻ ይሆናል፤ በአማርኛ ደግሞ መክፈቻ መሆን የነበረበት መዝጊያ ይሆናል። በሁለቱም ቋንቋዎች ፕሮግራሙን ያደናቀፈችው ባለቤትነትን የምታመለክት አንዲት አጭር ድምፅ መሆኗ የሚያስገርም ነው።

በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ (፡) የሚጠቀሙ ጸሐፊዎች ሌላ ችግር ይገጥማቸዋል። በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ይህ ምልክት በቁጥር 4961 የተመዘገበ ሲሆን የተመደበውም ከሥርዓተ ነጥቦች ጋር እንጂ ከክፍት ቦታዎች ጋር አይደለም። ስለዚህ ክፍት ቦታን ብቻ የሚፈልግ ፕሮግራም ከሁለት ነጥብ በኋላ የመጣን ጥቅስ እንደ መክፈቻ ላያውቀው ይችላል።

ከዩኒኮድ በፊት በተዘጋጁ ፎንቶች የተጻፉ ጽሑፎች ደግሞ ይበልጥ ይጎዳሉ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛ እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ ፎንቶች የአማርኛ ፊደላትን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ነበር። ከ200 በላይ ፊደላት በአንድ ሰንጠረዥ ስለማይበቁ የጥቅስ ምልክቶች ቦታም ሳይቀር በፊደል ሊያዝ ይችል ነበር። እንዲህ ባለ ፎንት ብልህ ጥቅስ ሲበራ ፕሮግራሙ 39ን በሌላ ቁጥር ይተካል፤ በቃሉ መካከልም ያልተጻፈ ፊደል ብቅ ይላል። የቆየ ጽሑፍ የሚከፍት ሰው በመጀመሪያ ይህን አሠራር ማጥፋት፣ ቀጥሎ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ፣ ጥቅሶቹን ደግሞ በመጨረሻ ማረም ይኖርበታል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የጠፋው ፊደል ምን እንደነበረ ማወቅ ያዳግታል።

አሠራሩን ማጥፋትና ማብራት

በማይክሮሶፍት ወርድ «ፋይል»፣ ከዚያ «ኦፕሽንስ»፣ «ፕሩፊንግ»፣ «አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ» ተከፍቶ «አውቶፎርማት አዝ ዩ ታይፕ» በሚለው ገጽ ላይ ቀጥ ያሉ ጥቅሶችን በብልህ ጥቅሶች የሚተካው ሳጥን ይገኛል። ምልክቱ ከተነሣለት ኪቦርዱ የላከው ሳይለወጥ ይቀመጣል። ሳጥኑን ማጥፋት ለማይፈልግ ሰውም መውጫ አለ፤ ምልክቱ በተገለበጠበት ቅጽበት ኮንትሮልና ዜድ ቢጫኑ የሚሰረዘው የፕሮግራሙ ለውጥ ብቻ ነው፤ ቀጥ ያለው ምልክት ይመለሳል።

በጉግል ዶክስ መቆጣጠሪያው «ቱልስ» ሥር በሚገኘው «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ነው። በአይፎን «ሴቲንግስ»፣ «ጄኔራል»፣ «ኪቦርድ» ተከፍቶ «ስማርት ፐንክቹዌሽን» ይጠፋል። በሊብረ ኦፊስ ደግሞ «አውቶኮሬክት ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሎካላይዝድ ኦፕሽንስ» የሚባል ገጽ አለ። ይህ ገጽ ለአማርኛ ጸሐፊ ጠቃሚ ነው፤ መክፈቻው « መዝጊያው » እንዲሆን ጸሐፊው ራሱ ይመርጣል። ይሁን እንጂ የምልክቱ ቅርጽ ተለወጠ እንጂ የጎረቤት ግምቱ አልቀረም። ከ«የ» በኋላ ቀጥ ያለውን ቁልፍ የሚጫን ሰው የ»ፍቅር የሚል ሊያገኝ ይችላል።

ከግምት ሙሉ በሙሉ የሚያድነው ትክክለኛውን ምልክት ራሱን መጻፍ ነው። በዊንዶውስ ኦልት ቁልፍን ይዞ በስተቀኝ ባለው የቁጥር ሰሌዳ 0171 ሲጻፍ «፣ 0187 ሲጻፍ »፣ 0147 ሲጻፍ “፣ 0148 ሲጻፍ ” ይወጣል። ለሆላንድኛው አፖስትሮፍ 0146 ነው። በአንዳንድ የግዕዝ ኪቦርዶችም የ«ያንሳል» ምልክትን ሁለት ጊዜ መጫን « ን፣ የ«ይበልጣል» ምልክትን ሁለት ጊዜ መጫን » ን ይሰጣል። ፕሮግራሞች የየቋንቋውን ልማድ የሚያውቁበት የዩኒኮድ መረጃ ቋትም ለአማርኛ « እና » ን፣ ለሆላንድኛ ደግሞ ‘ እና ’ ን ያስቀምጣል። አማርኛ ጸሐፊ « » ሲጠቀም ሌላም ትርፍ አለው፤ መክፈቻውና መዝጊያው በዓይን በግልጽ ስለሚለዩ ስሕተት አይደበቅም።

በኔዘርላንድስ ለሚኖሩ አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ አለ። በአገሪቱ የሚሸጡ ብዙ ኮምፒውተሮች የተስተካከሉት «ዩናይትድ ስቴትስ ኢንተርናሽናል» በተባለው የኪቦርድ አቀማመጥ ነው። በዚህ አቀማመጥ የጥቅስ ቁልፍ ሲጫን ምንም አይታይም፤ ቀጣዩን ፊደል ይጠብቃል። ቀጥሎ አናባቢ ከተጫነ ምልክቱ በአናባቢው ላይ ጭረት ሆኖ ይወጣል። ቁልፉ የተበላሸ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ከጥቅሱ ቁልፍ በኋላ የክፍት ቦታውን ቁልፍ መጫን ምልክቱን ብቻውን ያወጣዋል።

የተጻፈውን ማረም

ሥራው የተጠናቀቀ ረጅም ጽሑፍ በሦስት ደረጃ ይታረማል። አንደኛ፣ ብልህ ጥቅስ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ በወርድ «ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ» ውስጥ «ዩዝ ዋይልድካርድስ» የሚለው ይመረጣል፤ ያለዚያ ወርድ ቀጥ ያለውንና የታጠፈውን ጥቅስ አንድ አድርጎ ሊፈልግ ይችላል። ሦስተኛ፣ ክፍት ቦታ፣ «የ» እና ” ተከታትለው የሚገኙበት ሁሉ ተፈልጎ በክፍት ቦታ፣ «የ» እና “ ይተካል። ይኸው ለ«በ»፣ ለ«ለ»፣ ለ«ከ»፣ ለ«ስለ»፣ ለ«እንደ» እና ለ«ወደ» ይደገማል። አንቀጽ የሚጀምሩትን በዓይን መመልከት ያሻል፤ በፊታቸው ክፍት ቦታ የለምና።

«በሁለት የአማርኛ ፊደላት መካከል ያለ መዝጊያ ሁሉ ስሕተት ነው» ብሎ በጅምላ መለወጥ ግን አዲስ ጥፋት ያመጣል። አማርኛ ከኋላም ይቀጥላልና። «“አዲስ ዘመን”ን አነበበ» በሚለው ዓረፍተ ነገር መዝጊያው በ«ን» ፊደልና በ«ን» ምዕላድ መካከል በትክክለኛ ቦታው ላይ ነው። ጎረቤት ፊደላትን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም የ“ፍቅርን ከዘመን”ን ለይቶ ማወቅ አይችልም። ለዚህ ነው እርማቱ ከታወቁት መስተዋድዶች ዝርዝር መነሣት ያለበት። በሆላንድኛም ዝርዝሩ አጭር ነው፤ ክፍት ቦታ ተከትለው የሚመጡ ‘ስ እና ‘ት ተፈልገው በ’ስ እና በ’ት ይተካሉ። በመጨረሻም የመክፈቻዎችንና የመዝጊያዎችን ብዛት ለየብቻ መቁጠር ይጠቅማል፤ ቁጥራቸው ካልተስተካከለ ያልታረመ ምልክት አለ።

ወደ ኢ-መጽሐፍ ሲቀየር

በትክክል የታረመ ጽሑፍ በቅየራው ጊዜ እንደገና ሊበላሽ ይችላል። ኢፐብ የተባለው የኢ-መጽሐፍ ዓይነት በውስጡ እንደ ድረ ገጽ የተዘጋጁ ፋይሎችን የያዘ የታመቀ ጥቅል ነው። በዚህ ጉዞ ላይ ሦስት ቦታዎች አደገኛ ናቸው።

የመጀመሪያው የፊደል መለያው ነው። ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ የሄግ አፖስትሮፍ በሦስት ባይት ትቀመጣለች፤ እነርሱም 226፣ 128 እና 153 ናቸው። ፋይሉን በቀድሞው የዊንዶውስ 1252 ሰንጠረዥ የሚያነብ ፕሮግራም ሦስቱን ባይቶች እንደ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ይወስዳቸዋል። በአፖስትሮፏ ቦታም ቆብ የደፋ የላቲን «ኤ»፣ የዩሮ ምልክትና የንግድ ምልክት ተደርድረው ይታያሉ። ገንዘብ ባልተጠቀሰበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የዩሮ ምልክት ሲገኝ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። የአማርኛ ፊደላትም እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ስለሆኑ በዚሁ ስሕተት ገጹ በሙሉ ይመሰቃቀላል። መድኃኒቱ ምልክቶቹን አንድ በአንድ መለወጥ ሳይሆን ፋይሉን ሲያስቀምጡም ሲከፍቱም ዩቲኤፍ 8ን መምረጥ ነው።

ሁለተኛው የቀያሪው ፕሮግራም የራሱ «ብልህነት» ነው። በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው ካሊበር «ስማርትን ፐንክቹዌሽን» የሚባል አማራጭ አለው። የሚሠራውም ጆን ግሩበር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ስማርቲፓንትስ በተባለ ስልት ነው። ስልቱ በቃል መጀመሪያ ላይ ያለን አፖስትሮፍ እንደሚስት አዘጋጁ ራሱ በመግለጫው አስፍሯል። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ ጥቅሶች ቀድመው ከታረሙ ይህ አማራጭ ሳይነካ መተው አለበት።

ሦስተኛው በፋይሉ ውስጥ ያለው ኮድ ነው። የድረ ገጽ ኮድ የሚያውቀው ቀጥ ያለውን ጥቅስ ብቻ ነው። ኮዱን በወርድ ውስጥ ከፍቶ የሚያርም ሰው ሳያውቅ የታጠፈ ጥቅስ ካስገባበት ምዕራፉ ላይከፈት ይችላል። ኮድ የሚታረመው ለዚሁ በተዘጋጀ የጽሑፍ ማረሚያ ነው። ከኅትመት በፊትም ኢፐብቼክ የተባለው ነፃ መመርመሪያ እንዲህ ያለውን ስሕተት ከነመስመሩ ይጠቁማል። የተገለበጠ ጥቅስን ግን አይጠቁምም፤ ለእርሱ መክፈቻም መዝጊያም ሕጋዊ ፊደላት ናቸውና።

የሙከራ ገጽ

መጽሐፉን በሙሉ ከመቀየር በፊት አንድ ገጽ የሙከራ ጽሑፍ አዘጋጅቶ መቀየር ብዙ ድካም ይቀንሳል። ገጹ ላይ ከ«የ» እና ከ«ስለ» በኋላ የሚከፈት ጥቅስ፣ «ን» ወይም «ና» የተከተለው መዝጊያ፣ በጥቅስ ውስጥ ያለ ጥቅስ፣ በቅንፍ የተከበበ ጥቅስ፣ በሁለት ነጥብ የተለያዩ ቃላት፣ እንዲሁም በ’ስ የሚጀምር የሆላንድ የቦታ ስም ይኑሩበት። የተቀየረው ፋይል በኮምፒውተር፣ በስልክና በኢ-መጽሐፍ ማንበቢያ ላይ ተከፍቶ ይነበብ። በአንዱ ላይ ብቻ ምልክቱ ከጎረቤቶቹ ፊደላት ገዝፎ ወይም ቀጥኖ ከታየ ችግሩ የፎንት ነው፤ የተመረጠው ፎንት ምልክቱ ስለሌለው መሣሪያው ከሌላ ፎንት ተበድሯል ማለት ነው። በሁሉም ላይ ተገልብጦ ከታየ ችግሩ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ወይም ከቀያሪው ግምት ነው። በምልክቱ ቦታ የዩሮ ምልክት ከወጣ የፊደል መለያው ተሳስቷል።

ይህች አንድ ገጽ በጥንቃቄ ከተነበበች ቀሪው ሦስት መቶ ገጽ ብዙ አያስቸግርም። ፕሮግራሙ «የ» ከምን ጋር እንደምትጣበቅ፣ ’ስ-ኽራቨንሃኸም ከየት እንደመጣች አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ጸሐፊው በመሆኑ የመጨረሻው ንባብም የእርሱ ድርሻ ሆኖ ይቀራል።